አዲሱ ቨርዥንና የእትዬ አስካለ ዓይን

አንድ ነገር ላስተካክል ብላችሁ ተነስታችሁ፣ በደንብ አቅዳችሁ፣ ያቀዳችሁትንም በትክክል ፈጽማችሁ፣ በማግስቱ የግቢው ሰው በሙሉ ፊቱን አዙሮባችሁ ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነ ወንበር ሳቡና ቅረቡ። የማያውቅ ከሆነም ቅረቡ፤ ተራችሁ ሩቅ አይደለም።

እኔ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። የኮምፒውተር መምህር ማለት በእኛ ግቢ ሰፊ ሥልጣን ነው። አስተምራለሁ፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ ከጉሮሮው አወጣለሁ፤ የሰልፍ ማይክራፎን ሲያፏጭ እጠራለሁ። አንድ ቀን የሻይ ክበቡ ፍሪጅ አልቀዘቅዝ ሲል «መብራት የሚበላ ነገር ሁሉ የአንተ ነው» ተብዬ ተጠርቻለሁ። ሄጄ አየሁት። ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ሰካሁት፤ ተመሰገንኩ፤ ለምን አልቀዘቅዝ እንዳለም በዝርዝር አስረዳሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ሻይ ቀጂዋ እያስረዳኋት ሁለት ሰው አስተናግዳለች።

የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ተቆጣጣሪው ነው። ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ድሮ የጠመኔ መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰርቨር አለን፤ የግቢው ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚታዘዙት ትልቅ ኮምፒውተር ማለት ነው። በላዩ ላይ ደግሞ እኔ «ተቆጣጣሪው» የምለው ሶፍትዌር ተጭኗል። ሥራው የዩኒት ሊደር ሥራ ነው። ጠዋት በር ላይ የሚቆመውን ዩኒት ሊደር አስቡ፦ ሸሚዙን ያላስገባውን ያስገባል፣ ከረባት ያላሰረውን ያሳስራል፣ ፀጉሩን እንደ ዘፋኝ የተቆረጠውን ወደ ቤቱ ይመልሳል። ተቆጣጣሪውም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ምን ፕሮግራም እንደሚኖረው፣ ስክሪኑ ምን እንደሚመስል፣ በየትኛው ፕሪንተር እንደሚያትም አንድ ጊዜ ይጻፍለታል። ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ እየዞረ፣ ከተጻፈው ያፈነገጠውን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልሳል። ዩኒት ሊደሩ ምሳ ሰዓት ላይ ይደክመዋል። ተቆጣጣሪው አይደክመውም።

ታዲያ የዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች «አሮጌውን ቨርዥን ከእንግዲህ አንጠግንም፤ ወደ አዲሱ ተሻገሩ» አሉ። አዲሱ ትንሽ ማሻሻያ ሳይሆን ትልቅ ቨርዥን ነው። የሁለቱ ልዩነት ቤት በማስቀባትና ቤት በመቀየር መካከል እንዳለው ነው። ቤት ስታስቀቡ ዕቃችሁ ባለበት ይቆያል። ቤት ስትቀይሩ ግን ቁምሳጥኑ በአዲሱ በር አልገባም ይላል፤ አሮጌው ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው ምስማር አዲሱ ቤት ውስጥ እንደሌለ የምታስታውሱት ኮታችሁን ከሰቀላችሁና መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ አቀድኩ። እንዴት ያለ እቅድ መሰላችሁ! ከአራት ወረቀት ተቀጣጥሎ የተሠራ፣ በቀለም የተለየ፦ አረንጓዴው ዝግጅት፣ ቢጫው ጥንቃቄ፣ ቀዩ ክልክል። መጀመሪያ የሁሉም ነገር ቅጂ በመጠባበቂያ ይቀመጣል። ቀጥሎ አዲሱ ቨርዥን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል። ከዚያ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ሌሎቹ። መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የሒሳብ መምህሩ ታምራት፣ ጓደኛዬ ነው ብዬ የማስበው ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ሙሽራዋ የምትገባው ቢጫው ላይ ነው አረንጓዴው ላይ?» አለኝ።

እቅድ የሌለው ሰው በእቅድ ይስቃል ብዬ አለፍኩት።

ዳይሬክተራችን አቶ ንጉሤ ግን ወደዱት። አቶ ንጉሤ ወረቀት ሲያነቡ እጃቸውን እስከሚችሉት ድረስ ይዘረጋሉ፤ እቅዴ ግድግዳ ላይ ስለነበር አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው አነበቡት። በተለይ የወደዱት በቀይ የጻፍኩትን ነው፦ «ከአሁን በኋላ ለማንም ኮምፒውተር ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ምክንያቱ ተጽፎ፣ በዳይሬክተሩ ተፈርሞና እዚህ ተለጥፎ ብቻ ነው።» ከስሩ ራሳቸው አሰመሩበት። እኔም ኮራሁ። ጉድጓድ ቆፋሪ ጉድጓዱ ሲያምርለት እንደሚኮራው ማለት ነው።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ንጉሤ ቅዳሜ ሥራው እንደሚሠራ፣ በሳምንቱ አርብ ደግሞ ወላጆች ሪፖርት ካርድ እንደሚቀበሉ ተናገሩ። ካርድ የሚያዘጋጁት የሪከርድ ክፍሏ እትዬ አስካለ ናቸው። ባለፈው ጊዜ ካርዱ ዘግይቶ ስለነበር ዳይሬክተሩ በለሰለሰ ድምፅ አንድ ነገር ጨመሩ፦ አሁንም ከዘገየ የሪከርድ ሥራ ዘነበወርቅ ወዳለው ቅርንጫፋችን ይዛወርና እትዬ አስካለ ንብረት ክፍልን «ያግዛሉ»። ንብረት ክፍልን ማገዝ ማለት የተሰበረ ወንበር መቁጠር ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው «እሺ» አሉ።

እትዬ አስካለ ማለት እኔን አንደኛ ክፍል የመዘገቡኝ ሴት ናቸው። አዎ፣ የተማርኩት እዚያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሜን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ፤ ለረጅም ጊዜ ማንበብ የምችለው ያንን ብቻ ነበር። አሁን «ቲቸር» ይሉኛል። አፍሬም ደስ ብሎኝም ነው የምቀበለው።

ስብሰባው ላይ ተነስቼ ጠየቅኩ። አሮጌው ቨርዥን አንድ ልማድ ነበረው፦ አንድን ኮምፒውተር «ይሄን ተወው፣ አትንካው» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻል ነበር። ምልክቱ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ማን እንዳለው ለማወቅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መዞር ያስፈልጋል። አዲሱ ቨርዥን ደግሞ ይህን ምልክት አያውቀውም፤ አልፎት ይሄዳል። ይህን አንብቤያለሁ። በቢጫ አቅልሜዋለሁ። ነገር ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከመዞር አንድ ጊዜ መጠየቅ ይቀላል ብዬ «ኮምፒውተሩ ላይ የተለየ ነገር ያለው ሰው አለ?» አልኩ።

አንድ ሰው አስነጠሰ። ሌላው «ይማርህ» አለው። «ስለዚህ የለም» ብዬ በአረንጓዴ ምልክት አደረግኩበት።

እዚህ ላይ የግቢያችንን አሠራር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ ማለት ዳይሬክተሩ የሚናገሩበት፣ ሌላው የሚሰማበት ቦታ ነው። ዋናው ውይይት የሚካሄደው ከስብሰባው በኋላ፣ 18 ማዞሪያ ፌርማታ ላይ፣ ወደ ቀራንዮ የሚሄደው ታክሲ እስኪመጣ ነው። ሐሳብ ያለው እዚያ ይናገራል፤ የከፋው እዚያ ይከፋል፤ አንዳንዴ ድምፅ ሁሉ ይሰጣል። ይህን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ፌርማታ አልሄድኩም። እቅዴን ላሚኔት ሳስደርግ፣ በፕላስቲክ ሳስለብጥ ነበር።

ቅዳሜ ሥራው እንደ ሕልም ሄደ። ለሙከራ የመረጥኩት የኮምፒውተር ክፍሉን አንደኛ ኮምፒውተር ነበር። ከሁሉም አዲስ፣ ከሁሉም ንጹሕ፣ ከእኔ በቀር ማንም የማይነካው። አዲሱን ቨርዥን አጉርሼው ሳልጨርስ ዋጠው። መምህር ሆኜ ሳለሁ፣ የፊት ወንበር ጎበዝ ተማሪ ጠይቄ «ክፍሉ ገብቶታል» ማለቴ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ለሌሎቹም ለቀቅኩት። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጥርት ያሉ፣ የሰኞ ሰልፍ መሰሉ። ቆሜ አየኋቸው። እንባዬ አልመጣም ብል እዋሻለሁ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ታምራት ጠበቀኝ።

«ኮምፒውተሬን ምን አድርገህ ነው?»

የሚወደው ቡድን ፎቶ ከስክሪኑ ጠፍቷል። ጨዋታ የሚያይበትም ፕሮግራም የለም። ስብሰባ ላይ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

«ዳይሬክተሩ ፊት ‹ኳስ አያለሁ› ልበል? እኔማ ፌርማታ ላይ ጠብቄህ ነበር። ሁላችንም ጠብቀንህ ነበር።»

ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት መዝሙሮች፣ የላይብረሪው የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር፣ የሁሉም ሰው የሆነ ነገር። እኔም በየጠረጴዛው እየሄድኩ በእጄ መለስኩላቸው፤ ተመሰገንኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ተቆጣጣሪው ዞረና ሁሉንም ወደ ቦታው መለሰ። ሰዎቹ እንደገና ጠሩኝ። እንደገና አስተካከልኩ። እንደገና ዞረ። ራሴ በቀጠርኩት ዘበኛ ከገዛ ግቢዬ ስባረር ዋልኩ።

አቶ ንጉሤም አስጠሩኝ። በር አስዘግተው «አንድ የሥራ ፕሮግራም ጠፋብኝ» አሉኝ። ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው «ቀይና ጥቁር ነው፤ በተርታ ይደረደራል» አሉ። ካርታ ጨዋታ መሆኑ ገባኝ፤ እንዳልገባኝም ሆንኩ። ልዩ ፈቃድ ይቻላል፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ በእርስዎ ተፈርሞ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አልኳቸው። ብዕር አነሱ። «ምክንያት» የምትለዋን ቦታ ትንሽ አዩዋትና ብዕሩን ክድን አድርገው «ይቅር፣ ብዙም አስፈላጊ አይደለም» አሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል ያልጠሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የእትዬ አስካለ በር ዝግ ነው። እኔም በልቤ «እኚህ ሴት ናቸው ሥርዓት ያላቸው» አልኩ። ኮምፒውተራቸው ታሞ ስለማያውቅ፣ መምህር ሆኜ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ወደ ክፍላቸው ገብቼ አላየሁትም ነበር። ያን ቀን ግን ምስጋና ለመቀበል ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ እንደ ደንቡ፣ ደቀቅ ደቀቅ ብሎ ተሰልፏል።

«አያምርም እትዬ?» አልኳቸው።

«ያምራል» አሉ፣ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያዩ።

ማክሰኞ በጥድፊያ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። ተቆጣጣሪውን አስተኝቼ፣ የሁሉንም ኮምፒውተር የቀድሞ መልክ ከመጠባበቂያው መለስኩ። ግቢው ሰላም ሆነ። ነገር ግን ዩኒት ሊደር የሌለበት ጠዋት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ዘጠነኛ ክፍሎች ወዲያው የኮምፒውተር ክፍሉን የጨዋታ ቤት አደረጉት። ቀሰቀስኩት። መምህራኑ ጮሁ፤ አስተኝቼው የቀድሞውን መልክ መለስኩ። ተማሪዎቹ ጫኑ፤ ቀሰቀስኩት። ያ ቀን እንዲህ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ንጉሤ በረንዳ ላይ አገኙኝና ካርዶቹ ገና አንድም እንዳልታተሙ ነገሩኝ። «ለሴትየዋ ጊዜው አልፏል መሰለኝ» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ችግሩ ከእኔ በኩል እንደማይሆን እርግጠኛ ሆኜ፣ እንዲያው ለማጣራት ብዬ የሪከርድ ክፍሉን በር አንኳኳሁ።

እትዬ አስካለ ስክሪኑን ሊስሙት እስኪመስሉ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«በሩን ዝጋው እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ዘጋሁት። «ቲቸር» አላሉኝም።

«ዓይኔ አለቀ» አሉኝ። ሐኪም ሞራ ነው እንዳላቸው፣ እንደሚነሳም፣ ቀጠሯቸው ለእረፍቱ ጊዜ እንደሆነ፣ እስከዚያ የሚያደርሳቸው መስሏቸው እንደነበር ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ግን ፊደሉ በሙሉ ጉንዳን ሆኖ ጠበቃቸው። አንዱን ስም ከሌላው መለየት አቃታቸው። የአንዱን ልጅ ውጤት ለሌላው እንዳይሰጡ ፈርተው እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ለዳይሬክተሩ መንገር ማለት ደግሞ በገዛ እግር ወደ ንብረት ክፍል መሄድ ነው።

«ትናንት ግን ረፋዱ ላይ ድንገት በራልኝ» አሉ። «ፊደሉ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ረቡዕ ረቡዕ አብረውኝ ለሚጸልዩት ሴቶች ደውዬ ‹ጌታ ነካኝ› ብዬ መሰከርኩ። እየመሰከርኩ እያለሁ መልሶ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ በራ። መልሶ ጠፋ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን በድዬው ይሆን፣ እየሰጠ የሚነሳኝ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ያበራሁትም ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

«እንደሱ አይባልም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ በሐዘን። «ትምህርት እንዲህ አያድርግህ።»

ማስረዳት የምወደው እኔ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማስረዳት ከብዶኝ አያውቅም። ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ተቆጣጣሪው ነገርኳቸው። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ኮምፒውተራቸውን ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አዎ፣ አንድ ቀን «ስክሪኑን ልጥረግልዎት» ብሎ ተቀምጦ ነበር አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ፊደሉ ጠራላቸው። ያ ሰው ስክሪን አልጠረገም። አጎንብሰው ሲያነቡ አይቶ፣ ፊደሉን አተልቆ፣ ተቆጣጣሪው እንዳይነካው ምልክት አድርጎ፣ ምንም ሳይናገር ሄዷል። እኔ ደግሞ በላሚኔት መጥቼ አጠፋሁት።

ቁልፎቹን ተጫንኩ። ፊደሉ አደገ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው።

«ታዲያ ለሴቶቹ ምን ልበላቸው?»

«ሰርቨር ነው ይበሏቸው።»

«ሰርቨር ነው ብዬ ልመስክር?»

ሳቃችን ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ተቆጣጣሪው ይዞራል። ፊደላቸው ትልቅ ሆኖ እንዲቀር ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልዩ ፈቃድ ደግሞ ምክንያት ይጠይቃል፣ ፊርማ ይጠይቃል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «ወይዘሮ አስካለ፣ ሪከርድ ክፍል፣ ምክንያት፦ ዓይናቸው አያይም።» ያን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በቀይ ነበር የጻፍኩት።

እትዬ አስካለ ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር። «ለንጉሤ አትንገርብኝ» አሉኝ። «ቢያንስ ይቺን ካርድ ልጨርሳት።»

የጠመኔ መጋዘኗ ውስጥ ገብቼ ሰርቨሩ ፊት ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው ልዩ ፈቃድ መስጠት ካልቻልኩ፣ ልዩ መሆኑን ማጥፋት እችላለሁ። የግቢውን ሁሉ ደንብ ከፈትኩና የፊደል መጠን የሚለው ላይ ደረስኩ። ትልቅ አልኩት። ለሁሉም። ለሪከርድ፣ ለሒሳብ ክፍል፣ ለላይብረሪ፣ ለዘጠነኛ ክፍል፣ ለዳይሬክተሩ። ተቆጣጣሪው እንደ ልማዱ ዞረ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለእኔ ዞረ።

ወዲያው ከዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ሰበብ እያዘጋጀሁ ገባሁ። አቶ ንጉሤ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ እጃቸው ሳይዘረጋ፣ ስክሪናቸውን እያነበቡ ነው።

«አዲስ ቨርዥን ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። «አየኸው? ቴክኖሎጂ ሲሻሻል ያስታውቃል።»

«ያስታውቃል» አልኩ።

እትዬ አስካለ ያን ቀንና በማግስቱ ቀና ሳይሉ ሠሩ። አርብ ጠዋት ካርዶቹ በየክፍሉ ታስረው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበር። ወላጆች በሰዓታቸው መጡ፣ በሰዓታቸውም ተቆጡ፤ ግን በልጆቻቸው ውጤት እንጂ በእኛ አልነበረም። ስለ ዘነበወርቅ ያነሳ ሰው የለም።

ጉዳት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ፈተና ሰጥቼ ነበር። በአዲሱ ፊደል የፊተኛው ረድፍ መልስ ከኋለኛው ረድፍ ወለል ብሎ ይነበባል። አንዱ ጎበዝ ተማሪ የሳታትን ጥያቄ ክፍሉ በሙሉ አብሮት ስቷታል። ታምራት ውጤቱን አይቶ «ይሄ ፈተና አይደለም፣ የኅብረት ዝማሬ ነው» አለኝ። ሥር ነቀል ለውጥ ዋጋ አለው ብዬ አስረዳሁት። ታክሲው መጥቶ ሳልጨርስ ሄደ። አዎ፣ አሁን ፌርማታ ላይ ነው የማስረዳው።

እረፍቱ አለፈ። እትዬ አስካለ ሞራቸው ተነስቶ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ አስጠሩኝ። እንደ ልጅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ግቢውን፣ ግድግዳውን፣ እኔን ያያሉ። እንደከሳሁ ነገሩኝ።

«ቲቸር» አሉኝ ከዚያ፣ «ይሄ ፊደል ምን ሆኖ ነው የሚጮህብኝ? አሳንስልኝ እንጂ።»

ላሳንሰው ሞከርኩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ተቆጣጣሪው መልሶ አተለቀው። ደንቡን ለሁሉም ልቀይር ብል ደግሞ አቶ ንጉሤ በሕይወት እያሉ አይሆንም። ስለዚህ በግቢያችን ታሪክ የመጀመሪያውና እስካሁንም ብቸኛው ልዩ ፈቃድ ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ከእቅዴ ጎን ተለጠፈ። አላፊ አግዳሚው ያነበዋል፦ «ወይዘሮ አስካለ፣ ሪከርድ ክፍል። የተጠየቀው፦ ትንሽ ፊደል። ምክንያት፦ በደንብ ስለሚያዩ።»

እናንተም ሰርቨር ይሁን ወጥ ቤት፣ ቢሮ ይሁን ሱቅ፣ አንድ ነገር ልትቀይሩ ባሰባችሁ ጊዜ እስቲ ይህን ሞክሩልኝ። እቅዳችሁን አውጡ፤ ቀለሙም አይቅር። ላሚኔት ከማስደረጋችሁ በፊት ግን ስብሰባውን ተዉትና ወንበር ይዛችሁ ከአንድ ሰው ጎን ተቀመጡ። ምንም አትጠይቁ። አታስረዱ። ሲሠራ ብቻ እዩት፤ ሲጨርስም ፌርማታ ድረስ ሸኙት።